ደጋፊና ጥበበኛ፦ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወት

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የሚታወቁት የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በመጻፋቸው ነው። ጥበብን የጀመሩት ግን በብዕር ሳይሆን በቀለም ነበር። ይህ ጽሑፍ ከሥዕል ወደ ድርሰት ያደረጉትን ሽግግር ከተሰጥኦ ይልቅ የዕለት እንጀራቸውን ከሰጧቸው ደጋፊዎች አንጻር ይመለከታል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አፈወርቅ በ1868 በጣና ዳርቻ በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ በግድግዳ ሥዕል የበለጸጉ ገዳማት ያሉባት ምድር በመሆኗ ሥዕልን ለመውደድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። ለመማር ግን ደጋፊ ያስፈልጋል። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር የነበራቸው ዝምድና የሸዋን ቤተ መንግሥት ደጃፍ ከፈተላቸው፤ በ1887 ንጉሥ ምኒልክ ወደ ጣሊያን ላኳቸውና በቶሪኖ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማሩ። በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በመውደቃቸው ዙፋኑ ለምኒልክ ሆነ። በሱዳን ድንበር የተደረገው ውጊያ የወጣቱን ሠዓሊ ደጋፊ ንጉሠ ነገሥት አደረገ።

ከአውሮፓ ሲመለሱ በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሠሩ ታዘዙ። ይሁንና የቤተ መንግሥት ድጋፍ ቋሚ ደመወዝ ሳይሆን ሞገስ ነበር፤ ከእቴጌይቱ ጋር ሲቃቃሩ የሥራቸው መሠረት ተናጋ። በ1894 ከአልፍሬድ ኢልግ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ሄዱ፤ በማግሥቱ ዓመት፣ የዓድዋ ጦርነት ሲቃረብ፣ ወደ ጣሊያን ተሻግረው ከአገራቸው ባላንጣ ጋር ወገኑ። ይህን ምርጫ በችግር ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ችግርን ከቁጥር ሳያስገቡ መመርመርም አያረካም።

በ1902 በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም የፍራንቼስኮ ጋሊና ረዳት ሆነው አማርኛ ማስተማር ጀመሩ። የሕይወታቸው ፍሬያማ ዘመን ይህ ነው። ተቋሙ የቀጠራቸው ለቋንቋቸው እንጂ ለሥዕላቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ብሩሹ ወደ ኋላ ቀረ፣ ብዕሩ ቀደመ። በ1905 በጣሊያንኛ የአማርኛ ሰዋስው አወጡ፤ በ1908 ለተጓዦች የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ መምሪያ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ልብ ወለድ ታሪክ ሮም ውስጥ ታተመ። አማርኛን ለባዕዳን የሚያስተምር ሰው የቋንቋውን ውበት የሚያሳይ ረጅም ንባብ ቢያስፈልገው አያስደንቅም፤ መጽሐፉ ከመማሪያ ክፍል ፍላጎት ጋር የተያያዘ ይመስላል።

የመጽሐፉ ታሪክም ስለ ባለውለታ ነው። በጦርነት ተማርኮ ለባርነት የተዳረገውን የጦር አለቃ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነፃ ያወጣዋል። የአለቃው ልጅ ዋሕድ ውለታውን ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ ሲወጣ ራሱ በባርያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል፤ እኅቱ ጦቢያም በወንድ ልብስ ተሰውራ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ምላሽ ሳይጠይቅ የሚረዳ ሰው በደራሲው ሕይወት ውስጥ ብዙም አይታይም። በልብ ወለዳቸው ግን ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

በ1909 የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አሳተሙ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሥራው ውዳሴ ያመዘነበት መሆኑን ነቅፈዋል፤ ትችቱ ተገቢ ነው። ከቤተ መንግሥት የራቀ ደራሲ የመታረቂያ መንገድ የሚፈልግ መሆኑን ግን ውዳሴው ራሱ ያሳብቃል።

ከዚያ በኋላ ኑሯቸው ከጥበብ ራቀ። ኤርትራ ተሻግረው ነገዱ፤ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ፣ ቀጥሎም በሮም የአገራቸው መልእክተኛ ሆኑ። ዛሬ ከስማቸው የማይለየው ነጋድራስ የሚለው ማዕረግም የንግድና የቀረጥ ሹመት ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን አፈ ቄሣር ተብለው ለወራሪው አገለገሉ። ከነፃነት በኋላ ወደ ጂማ ተግዘው በ1947 እዚያው አረፉ። ከ1908ቱ በኋላ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተሙም፤ የመጽሐፋቸው ርዕስ ግን የድርሰቱ ዘርፍ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።