የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና ሥራ

ሰው በሜዳ ላይ ሮጦ ያገኘው ክብር ጕልበቱ ሲደክም አብሮት ይደክማል፤ ለወገኑ መብት ቆሞ ያገኘው ክብር ግን ከሞቱ በኋላ እንኳ ጸንቶ ይኖራል። ለዚህም ነገር የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት የታመነ ምስክር ነው።

አቶ ይድነቃቸው በቡናው አገር በጅማ ከተማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓመተ ምሕረት፥ በእንቍጣጣሽ ዕለት ተወለዱ። አባታቸው በግጥምና በዜማ የታወቁት፥ ድምፃቸውንም በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጃቸውም በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ማኅበር ሲመሠረት ገና ልጅ ነበሩ፤ በኋላ ግን የማኅበሩን ልብስ ለብሰው 23 ዓመት ያህል ተጫወቱ። የተሰለፉትም ከአጥቂዎች ወገን ነበር እንጂ ከተከላካዮች ወገን አልነበረም።

በጠላት ወረራ ዘመን ነጭና ጥቍር በአንድ ሜዳ ተቀላቅሎ እንዳይጫወት ተከልክሎ ነበርና፥ የመለየትን መራራነት በወጣትነታቸው ቀመሱት። ስለዚህ በየካቲት 1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፥ የግብፅ፥ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች የአፍሪካን የእግር ኳስ ማኅበር ለማቆም በካርቱም በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ስለ ኢትዮጵያ ከቆሙት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቍር የተቀላቀለበት ቡድን አልክም ስላለች ከመጀመሪያው ውድድር ተለየች፤ ዋንጫውንም ሦስቱ አገሮች ብቻ ተወዳደሩበት።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ፥ እርሳቸው ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። ይህም ደስታ እስከ ዛሬ ከሕዝቡ ልብ አልጠፋም።

ዳሩ ግን ከሜዳው ይልቅ የከበደው ትግል በጉባኤ የተደረገው ነው። ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ከተመደቡት 16 ቦታዎች ለአፍሪካ፥ ለእስያና ለኦሺያንያ በአንድነት የተሰጠው አንድ ብቻ ነበር። የአፍሪካ አገሮችም ይህ ፍርድ የጐደለበት ነው ብለው ከማጣሪያው ወጡ። አቶ ይድነቃቸውም ከዚህ አሳብ ጋር ቆሙ። ውጤቱም ሳይዘገይ ታየ፤ በ1962 ዓ.ም. አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ፥ በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ቦታ አገኘች። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በዘመናቸውም፥ በ1968 ዓ.ም.፥ ደቡብ አፍሪካ በዘር መለየት ምክንያት ከዓለም አቀፉ ማኅበር ተባረረች። በዚህ ሁሉ በሜዳ አጥቂ የነበሩት ሰው በጉባኤ ተከላካይ ሆኑ።

ኳስን መተዳደሪያ አድርጎ ወደ አውሮፓ መሄድ በተስፋፋ ጊዜም፥ አፍሪካ ልጆቿን አሳድጋ ለሌላው የምታስረክብ አገር እንዳትሆን ሠጉ። አንድ ቡድን በውጭ አገር ከሚጫወቱ ልጆቹ ከ2 በላይ በአፍሪካ ዋንጫ እንዳያሰልፍ የሚከለክል ደንብም ነበረ፤ በኋላ ግን ተሻረ። ተጫዋች በሙያው እንጀራ መብላቱ ነውር አይደለምና፥ ደንቡ መሻሩ የሚያስወቅስ አልሆነም። ነገር ግን የአገር ውስጥ ማኅበር ደክሞ ሳለ ልጆቹ ሁሉ ቢሄዱ ሜዳው ባዶ ይቀራል የሚለው ሥጋታቸው ዛሬም መልስ አላገኘም።

አቶ ይድነቃቸው በተወለዱ በ65 ዓመታቸው፥ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፥ በደብረ ታቦር በዓል ዐረፉ።

ከጅማ ወዲያ በማሻ፥ በቴፒና በሚዛን ተፈሪ በቡናና በደን መካከል የሚያድግ ልጅ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢሰማ የተገባ ነው። ኳስ መምታት ከጓደኛ ጋር ይለመዳል፤ ስለ እውነት በጉባኤ ቆሞ መከራከር ግን ትምህርትና ድፍረት ይፈልጋል። ስለዚህ አባቶችና ሹማምንት ለልጆቹ ሜዳውን ሲያዘጋጁ መጽሐፉንም አብረው ቢሰጧቸው፥ ነገ ለአገራቸው ቆመው የሚመክቱ ሰዎች አይታጡም።