ገብረ ክርስቶስ ደስታ፤ የነፃ ትምህርት ዕድል ፍሬና ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ1947 አፈወርቅ ተክሌ የተባለ ወጣት የማዕድን ምሕንድስና ተምሮ እንዲመለስ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፤ የተመለሰው ግን ሠዓሊ ሆኖ ነው። ይህ ታሪክ በመሐንዲሶች ጉባኤ መካከል ቢነሣ ፈገግታን ያጭራል። ከፈገግታው ሥር ያለው ቁም ነገር ግን ቀላል አይደለም። በዚያን ዘመን ሐኪም፣ መሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ በአገር ዕቅድ ውስጥ በቁጥር ተይዘው ሲፈለጉ፣ ሠዓሊ የሚሆን ወጣት ግን በሌላ ሙያ ስም ወጥቶ መንገዱን በራሱ ማቃናት ያስፈልገው ነበር። ወጣት ሠዓሊን ማስተማር፣ ተምሮ ሲመለስም የመጀመሪያ ዓመታቱን መደገፍ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥ፣ ድጋፉ ሲቋረጥም ምን እንደሚያስከፍል ለመረዳት የሠዓሊውንና የባለቅኔውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሕይወት መመልከት ይበቃል።

ገብረ ክርስቶስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ ብራና ጽፈው በሐረግና በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያ ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ጥበብን ያገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቱ ነው። ብራና እንዴት እንደሚፋቅ፣ ብርዕ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም በገጹ ላይ እንዴት ሚዛን ጠብቆ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ አባት ያለው ልጅ፣ መስመርና ባዶ ቦታ ምን ማለት እንደሆኑ ሌላው ሰው ከሚያስተውልበት ዕድሜ አስቀድሞ ያስተውላል። በቀድሞው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ መንገዱ የታወቀ ነበር። ደቀ መዝሙሩ በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ የመምህሩን እጅ እየተከተለ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ራሱን የቻለ ሠዓሊ ይሆናል። የገብረ ክርስቶስ ትውልድ ግን በሁለት ዘመናት መካከል የቆመ ትውልድ ነበር። አሮጌው የደቀ መዝሙርነት ሥርዓት ለአዲሱ ፍላጎት አልበቃም፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ደግሞ ገና አልተመሠረተም።

ወጣቱ ትምህርቱን በአዲስ አበባ ከቀጠለ በኋላ የከፍተኛ ትምህርት ደጅ ሲከፈትለት የያዘው የእርሻ ሳይንስ ነበር። ምርጫው የሚያስገርም አይደለም። ኢትዮጵያ የገበሬ አገር ናትና የእርሻ ባለሙያ የሆነ ሰው እንጀራውም ክብሩም የተረጋገጠ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቱን ተወ። ከዚያም በመምህርነት እየሠራ በግሉ መሣሉን ቀጠለ። በዚያን ጊዜ የኮሌጅን ወንበር ማግኘት የጥቂቶች ዕድል ስለ ነበረ፣ ያን ወንበር ለቅቆ ሥዕልን መምረጥ በቤተ ዘመድና በወዳጅ ዘንድ የሚያስመሰግን ሥራ አልነበረም። ወጣቱ ሥዕልን የመረጠው ምንም ዓይነት ዋስትና በሌለበት ጊዜ ነው። የነፃ ትምህርት ዕድል የሚገባው ማን እንደሆነ ለሚመረምር ሰው ይህ ዋና ምልክት ነው። ዕድሉ ከመገኘቱ በፊት ሥራው ተጀምሮ ነበርና።

ወጣት ሠዓሊን ወደ ውጭ ልኮ ማስተማር በእርሱ አልተጀመረም። አገኘሁ እንግዳ እ.ኤ.አ. በ1926 ወደ ፓሪስ ተልኮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ከተከታተለ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምሯል። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በውድድር ባሳየው ችሎታ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ተሻግሯል። የነዚህን ሰዎች ቁጥር ቢደምሩት ከጥቂት ጣቶች አያልፍም። ሆኖም የሃያኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ያለ ነዚህ ጥቂት ሰዎች አይጻፍም። በሌሎች አገሮች የውጭ ትምህርት ለሠዓሊ ተጨማሪ ማዳበሪያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ለዘመናዊ ሥዕል ሙያ የተከፈተው ዋና በር እርሱ ነበር።

ገብረ ክርስቶስ ይህን በር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከምዕራብ ጀርመን በተገኘ የነፃ ትምህርት ዕድል ኮሎኝ ከተማ ወደሚገኘው ቬርክሹለን ወደተባለው ትምህርት ቤት ገባ። ከጦርነቱ ማብቂያ በኋላ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው። የኮሎኝ መካከለኛ ክፍል በአውሮፕላን ድብደባ አብዛኛው ፈርሶ፣ ታላቁ ካቴድራል ግን በፍርስራሹ መካከል ቆሞ ተርፎ ነበር። ወጣቱ ኢትዮጵያዊ የደረሰው እንግዲህ ከተማ እንደ ገና በሚታነጽበት ወቅት ነው። ትምህርት ቤቱም የሥነ ጥበብንና የእጅ ሙያን ትምህርት አጣምሮ የሚሰጥ ስለ ነበረ፣ ተማሪው ስለ ውበት ከመናገሩ በፊት የቁሳቁሱን ጠባይ እንዲያውቅ ይጠበቅበት ነበር። ይህ አሠራር ለአንድ የብራና ጸሐፊ ልጅ እንግዳ ሊሆን አይችልም።

የጀርመን ሥዕል በዚያን ጊዜ ከባድ ቁስል ተሸክሞ ነበር። የናዚ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 በሙኒክ ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ዘመናዊ ሠዓሊዎችን በአደባባይ አዋርዶ፣ ሥራቸውን ከሙዚየም አውርዶ፣ ብዙዎቹንም ከአገር አሰድዶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተነሡት የጥበብ ሰዎች ያን የተቋረጠ ክር ለመቀጠል ይጣጣሩ ጀመር። የኤክስፕረሽኒዝም ሠዓሊዎች ሥራ ወደ ግድግዳው ተመለሰ፤ ቅርጽን ከተለመደ መልኩ አላቅቆ በቀለምና በመስመር ብቻ የሚናገረው ረቂቅ ሥዕልም በየማሳያው ተስፋፋ። ገብረ ክርስቶስ በዚህ መካከል እስከ 1961 ተማረ፤ በዚያው በኮሎኝም ሥራዎቹን ለብቻው ለማሳየት በቃ። ከጀርመን ያመጣው ነገር አንድ ዓይነት የአሣሣል ፈሊጥ ብቻ አልነበረም። ሥዕል ለባለ ሥልጣን ደስታ ወይም ለግድግዳ ጌጥ ብቻ ሳይሆን፣ ሠዓሊው ላመነበት ነገር ሊቆም እንደሚችልና ለዚህም ዋጋ የተከፈለበት መሆኑን አይቶ መጣ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገሩ ሲመለስ የሚያርፍበት ቦታ ነበረው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መገባደጃ ላይ የመሠረተው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥራ ጀምሮ ነበርና ገብረ ክርስቶስ በዚያ አስተማሪ ሆነ። የወጣት ባለሙያ ሕይወት የሚቃናው ወይም የሚሰናከለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሠዓሊ ደመወዝ፣ የሚሠራበት ቦታና የሚነጋገረው ሰው ካጣ፣ የተማረው ሁሉ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ይደርቃል። ትምህርት ቤቱ ሦስቱንም ሰጠው። እርሱም በበኩሉ ለተማሪዎቹ ከዚያ በፊት በአገሪቱ በሰፊው ያልታወቀውን የረቂቅ ሥዕል መንገድ አስተማረ።

በአዲስ አበባ ሥራውን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ አቀባበሉ አንድ ወጥ አልነበረም። የተደነቁ ነበሩ፤ የተቆጡም ነበሩ። ክርክሩ ያተኮረው ይህ አሣሣል ከአውሮፓ የተቀዳ ነው ወይስ የኢትዮጵያ ሊባል ይችላል በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ በመንግሥትና በባዕድ ገንዘብ የተማረ ሰው ለአገሩ ምን ይዞ መጣ ብሎ መጠየቅ የአገሬው መብት ነውና። ገብረ ክርስቶስ መልሱን የሰጠው በሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሣለው ጎልጎታ የስቅለትን ታሪክ ይዟል። ከዚህ ይልቅ ለኢትዮጵያ ሠዓሊ የቀረበ ርእስ የለም፤ አባቱም ቢሆኑ የሚያውቁት ርእስ ነው። አሣሣሉ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት አይከተልም። ሕመሙ በፊት ገጽታ ሳይሆን በቀለሙና በቅርጹ መናወጥ ይነገራል። በ1966 በሠራው አረንጓዴ ረቂቅ ሥዕል ደግሞ ርእስ የሚባለው ነገር ራሱ ቀርቶ ቀለሙ ብቻውን ቆሟል። ሁለቱን ሥዕሎች አስተያይቶ የተመለከተ ሰው፣ ሠዓሊው የተማረውን እንዳለ እንዳልገለበጠና የወረሰውንም እንዳልጣለ ይረዳል።

በዚያው በ1966 እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚሁ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ለሦስት ዓመታት ያህል ሁለቱ ታላላቅ ሠዓሊዎች በአንድ ግቢ ውስጥ አስተማሩ። አንዱ የኮሎኝን፣ ሌላው የለንደንንና የፓሪስን ልምድ ይዘው፣ ነገር ግን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ወደ አንድ የአገር ቅርስ እየተመለሱ ማስተማራቸው ለተማሪዎቹ የማይገኝ ዕድል ነበር። የጥቂት ሰዎች የውጭ ትምህርት ወደ ብዙዎች የተሸጋገረው እንዲህ ነው። ወጪው የወጣው ለአንድ ሰው ሲሆን ትምህርቱ የተዳረሰው ግን ለትውልድ ነው። ገብረ ክርስቶስም በ1960ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብሏል። ከሥዕሉ ጎን የግጥም ሥራውንም አላቋረጠም። ስለ አገሩና ስለ ሰው ልጅ ነፃነት የጻፋቸው ግጥሞች ሥዕሎቹን አይተው በማያውቁ አንባቢዎች ዘንድ እንኳ ስሙን አስጠርተውታል።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ጥበብ የሥርዓቱን ዓላማ እንዲያገለግልና በቀላሉ የሚነበብ እንዲሆን ተፈለገ። ለወጣት ሠዓሊዎች የሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል አቅጣጫም ወደ ሶቭየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ አዘነበለ። በዚያም መንገድ ጥሩ ሠዓሊዎች ወጥተዋል፤ ለረቂቅ ሥዕል መምህር ግን ዘመኑ የተመቸ አልነበረም። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ መገባደጃ ላይ አገሩን ለቅቆ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1981 በኦክላሆማ ግዛት በሎውተን ከተማ ሞተ። ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። አገሩን ተመልሶ አላያትም። በወጣትነቱ ለመማር የወጣበት መንገድ በጎልማሳነቱ የስደት መንገድ ሆነበት።

ከሥራዎቹ አያሌዎቹ በጀርመን አገር ቀርተው ነበር። የኢትዮጵያ ተመልካች እነርሱን እንደ ገና ለማየት ሩብ ምዕት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረበት። ግጥሞቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ የታተሙት ሠዓሊው ከሞተ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የተባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤትም ወደ ዩኒቨርሲቲው ተጠቃሎ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ይጠራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ለሞተ ሠዓሊ የተሠራ ቤት በሕይወት ላለ ወጣት ሠዓሊ የሥራ ቦታ አይተካም።

የገብረ ክርስቶስ ሕይወት ለወጣት የጥበብ ባለሙያ ስለሚደረግ ድጋፍ የሚያስተምረው ግልጽ ነው። ድልድይ በአንድ ምሰሶ አይቆምም። የመጀመሪያው ምሰሶ ትምህርቱ ነው፤ ይህን ኮሎኝ ሰጠ። ሁለተኛው ከትምህርት መልስ ያሉት የመጀመሪያ ዓመታት ናቸው፤ ይህን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ሰጠ፤ ፍሬው የታየውም በዚያ ነው። ሦስተኛው ሠዓሊው ያመነበትን ያለ ፍርሃት የሚሠራበት ሰላምና ሥራውን የሚጠብቅለት ተቋም ነው። ይህ ሦስተኛው ምሰሶ በጎደለ ጊዜ ሁለቱ ቆመው ሳለ ድልድዩ ወደቀ።

ተሰጥኦ በየትኛውም ስፍራ እንደሚበቅል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአሰላ በስተደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው በቆጂ ለዓለም ያበረከተቻቸው ሯጮች ይታወቃሉ። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ያገኘችውን የወርቅ ሜዳልያ እነ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ተከትለውበታል። ከፍታውና ቀዝቃዛው አየር የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን በከፍታ ላይ ያለች የአርሲ ከተማ በቆጂ ብቻ አይደለችም። ልዩነቱን ያመጣው ልጆቹን በማለዳ ሰብስቦ ለዓመታት ያሠለጠነ እንደ ስንታየሁ እሸቱ ያለ መምህር መኖሩ፣ ከሜዳው እስከ ክለብ፣ ከክለብ እስከ ብሔራዊ ቡድን የሚያደርስ መሰላል መዘርጋቱ ነው። ሩጫ መንገድና ጫማ ካገኘ ይጀመራል። ሥዕል ግን ቀለም፣ ሸራ፣ ብርሃን ያለው ክፍልና ሥራውን አይቶ የሚተች ዐዋቂ ይፈልጋል። በጭላሎ ግርጌ ገብስ ማሳው ዳር በከሰል ግድግዳ ላይ የሚሥል ልጅ ቢኖር ከሜዳው ወደ ክለቡ እንደሚያደርሰው ያለ መሰላል አያገኝም።

ገብረ ክርስቶስን በሐረር ያገኘው ዕድል እጅግ ቀጭን ነበር። አባቱ የጥበብ ሰው ባይሆኑ፣ ወይም በ1957 የተሰጠው የትምህርት ወንበር ለሌላ ሙያ ብቻ ቢወሰን ኖሮ፣ በስሙ የሚጠራው ሙዚየም ባልኖረ። የአንድ ወጣት ሠዓሊ የጥቂት ዓመታት ትምህርትና የሥራ ቦታ ወጪ በማናቸውም የመሐንዲስ ስሌት ከአንድ አነስተኛ ድልድይ ዋጋ አይበልጥም። ለመንገድና ለውኃ ዕቅድ የሚያወጡ፣ ሕንፃ ሲነድፉም ግድግዳውን ለማን እንደሚተዉ የሚወስኑ ባለሙያዎች ይህን ስሌት ከማንም በተሻለ ሊሠሩት ይችላሉ።