አስቴር ጋኖ፦ ስሟ ሽፋኑ ላይ ያልሰፈረው ተርጓሚ



በዚህ እትም የአንዲት ሴት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። አስቴር ጋኖ ትባላለች። ወለጋ ውስጥ፣ በተለይም ነቀምቴ፣ ስሟ የታወቀ ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል ግን ከእሷ ይልቅ አብረዋት የሠሩት የኦኔሲሞስ ነሲብ ስም ይነሣል። ቋንቋ መማር የሰውን ዕድል ይለውጣል ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን እንግሊዝኛ ወይም ዐረብኛ ነው። ሥራ ያስገኛል፣ ባሕር ያሻግራል እንላለን። አስቴር በባዕድ ምድር ፊደል ቆጠረች፣ የሌሎችን ቋንቋ ለመደች፣ ከዚያም የተማረችውን ይዛ ወደ እናቷ ቋንቋ ተመለሰች። ዓመተ ምሕረቶቹን ያስቀመጥኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። ስትወለድ ነፃ ሰው ነበረች። በኋላ ግን በሊሙ ኢናርያ ንጉሥ እጅ ወድቃ ባሪያ ሆነች። ሊሙ ኢናርያ በጊቤ አካባቢ ከነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ሲሆን፣ ሳቃ የሚባለው ገበያው በነጋዴዎች ዘንድ ስሙ የገነነ ነበር። በዚያ ዘመን ዝባድና የዝሆን ጥርስ በሚጫንበት መንገድ ሰውም ይነዳ ነበር። ሴት ልጆች በተለይ ዋጋ ያወጡ ስለነበር ከገበያ ገበያ እየተሸጡ እስከ ባሕር ይወርዱ ነበር። አስቴርም ቀይ ባሕር ደርሳ ወደ ዐረብ ምድር በሚሻገር ጀልባ ላይ ተጫነች።

ጀልባዋ ግን ማዶ አልደረሰችም። ጣሊያን ምጽዋን ከያዘ አንድ ዓመት ሆኖት ነበርና በ1886 የጣሊያን መርከቦች ጀልባዋን አስቁመው በውስጧ የነበሩትን ወደ ኤርትራ ወሰዷቸው። አስቴር ያን ጊዜ ገና የአሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ልጅ ብትሆን ነው።

ዛሬም ብዙ ሴቶቻችን የሚሻገሩት ያንኑ ባሕር ነው። ማኅበራችን ውስጥ ጅዳና ሪያድ ሠርተው የተመለሱ እህቶች አሉ። እዚያ እንደደረሱ መጀመሪያ የጠቀማቸው ምን እንደነበር ስጠይቃቸው፣ ደመወዝን፣ ቀንንና ሕመምን የሚመለከቱ ጥቂት የዐረብኛ ቃላት ናቸው ይሉኛል። ቋንቋ የሌለው ሰው ስለ ራሱ የሚናገርለት ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ አሠሪው ወይም ደላላው ሊሆን ይችላል።

አስቴርን የተቀበላት ከምጽዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው እምኩሉ የሚባል ቦታ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እስቲ አስቡት። አካባቢው በሙቀቱ የታወቀ ነው። በዙሪያው ትግረ፣ ትግርኛና ዐረብኛ ይነገራል። ሚሲዮናውያኑ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በስዊድንኛ ነው። ልጅቷ ግን የመጣችው ከጊቤ ማዶ ነው፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። እዚያ ማንበብና መጻፍ ተማረች። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን የያዘ መጽሐፍ ወደ ኦሮምኛ መለሰች። የሌላውን ቋንቋ ለመናገር ያህል ያወቀ ሰው መጽሐፍ አይተረጉምም፤ የቋንቋውን ጓዳ ማወቅ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ ካልነገርኳችሁ የአስቴር ሥራ አይገባም። ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። እሳቸውም በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ የደረሱ ናቸው። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊዛዊ ነፃ አወጣቸው። በእምኩሉ ከተማሩ በኋላ ስዊድን ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበር። በኦሮምኛ ሂካ ማለት የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። በእኛም በአማርኛ ቋጠሮ እንደሚፈታ ሁሉ ሕልምም ይፈታል፤ ቃሉ አንድ ነው። ወላጆቻቸው ያን ስም ሲያወጡላቸው ልጃቸው ምን እንደሚሆን ሊያውቁ አይችሉም ነበር።

ኦኔሲሞስ ወደ ትውልድ አገራቸው ለመመለስ ሁለት ጊዜ ጉዞ ጀምረው ሁለቱም ሳይሳካ ቀረ። አንዱ በሱዳን በኩል፣ ሌላው በእንጦጦ በኩል ነበር። መንገዱ ሲዘጋባቸው እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ወሰኑ። ችግሩ ግን ከአገራቸው የወጡት ገና በልጅነታቸው መሆኑ ነበር። ለዓመታት በሌሎች ቋንቋዎች ሲማሩና ሲሠሩ ኖረዋል። የልጅ ኦሮምኛቸው ለነቢያትና ለመዝሙራት የሚበቃ አልነበረም። ስዊድንኛን ያህል ቋንቋ የተማረ ሰው በእናቱ ቋንቋ ቃል ሲያጥረው ምን እንደሚሰማው፣ ውጭ አገር ልጆች ያሳደጉ ደጋፊዎቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አስቴር የመጣችው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ኦሮምኛዋ ትኩስ ነው። ለቋንቋውም የተለየ ተሰጥኦ ነበራት። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ይህም የአዲስ ኪዳንን ትርጉም ለማቃናትና ለመጨረስ ዋና መሣሪያ ሆነ። አዲስ ኪዳኑ በ1893 ታተመ። ባርነት የነጠቃትን ሁሉ ስናስብ፣ ቤቷን፣ ዘመዶቿን፣ አገሯን፣ ያልተነጠቀችው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ቋንቋ ነበር። ትምህርት ቤት ገብታ ፊደል ባትማር ኖሮ ግን ያ ሀብት ከእሷ ጋር ይቀበር ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የሚጽፉት በግዕዝ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። እኛ አማርኛ አንባቢዎች አለ የሚለው ቃል ተናገረ ይሁን ኖረ ከዐረፍተ ነገሩ እንገምታለን። በኦሮምኛም ባዳ ሲላላ ክፉ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደጋ ይሆናል። አጻጻፉ ግን አንድ ነው። ለአማርኛ የማያስፈልግ፣ ኦሮምኛ ግን ያለሱ የማይሆን ድምፅም አለ፤ ኦሮምኛ በፊደላችን ሲጻፍ ዸ የሚለውን የምናየው ለዚህ ነው። በእጅ እየጻፉ፣ እያነበቡ፣ እየደለዙ የሠሩት እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ እንደ አስቴር ከባርነት የወጡ ኦሮሞዎች ናቸው።

ከሥራዎቿ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ሌላው ነው። አስቴር ወደ 500 የሚደርሱ የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈረች። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ሚሲዮን ውስጥ ያደገች ልጅ የሚጠበቅባት ወንጌል መተርጎም ነው፤ እሱንም ሠርታለች። ግን ማታ እሳት ዳር የሚባለውን ሂቦ፣ ማለትም እንቆቅልሽ፣ ለመጽሐፍ የሚበቃ ነው ብላ ጻፈችው። ይህ በእኔ አስተያየት ትልቅ ድፍረት ነው። በጎልማሶች ትምህርት ላይ የተሳተፋችሁ እህቶች ታውቁታላችሁ፤ አንዲት እናት ፊደሉን ቆጥራ የምታነበው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ከልጅነቷ የምታውቀው ተረት ሲሆን ፊቷ ይበራል። የማታውቀው ነገር ሲሆን ፊደሉንም ነገሩንም አንድ ላይ ትታገላለች። አስቴር ይህን በ1894 ዐውቃው ነበር።

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የርእሱ ገጽ ላይ እንደ ተርጓሚ የሰፈረው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች በትርጉሙ ውስጥ የነበራት የአስቴር ድርሻ ተገቢውን ዕውቅና እንዳላገኘ ጽፈዋል። የኦኔሲሞስን ድካም ማሳነሴ አይደለም፤ ሥራውን የጀመሩትና እስከ መጨረሻው የመሩት እሳቸው ናቸው። ግን የምሠራው የሒሳብ ሥራ ነውና ዓይኔ ፊርማ ላይ ያርፋል። በቢሮ አንድ የክፍያ ማዘዣ ሦስት ፊርማ አለው፦ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው። የአዘጋጁ ቦታ ባዶ ከሆነ ሰነዱን እመልሰዋለሁ። የ1899ኙ ገጽ ላይ ባዶ የቀረው የአዘጋጇ ቦታ ነው። የዚህ ዓይነቱ ባዶ ቦታ በእኛ ቀበሌ ዕድሮችና በቤተሰብ ንግዶች ውስጥም አለ፤ ደብተሩን ሴቷ ትይዛለች፣ በስብሰባ ላይ የሚመሰገነው ሌላ ነው።

በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎች ኦሮሞ ባልደረቦቻቸው ከኤርትራ ተነሥተው ወለጋ ገቡ። እስካሁን ልጅ ነበረችና አንቺ ብያታለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን መምህር ናቸውና አንቱ ማለት ይገባኛል። አስቴር ከተያዙባት ጀልባ ወርደው ወደ ኦሮሞ ምድር እስኪመለሱ አሥራ ስምንት ዓመት አልፏል። የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ተቀበሏቸው። እዚያም ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ አስቴር አስተማሪ ሆኑ። በዚያ ዘመን ለአካባቢው ልጅ በገዛ ቋንቋው የታተመ መጽሐፍ ይዞ መማር ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። መጽሐፉን ካዘጋጁት ሰዎች አንዷ ፊት ለፊቱ ቆማ ነው የምታስተምረው።

ነገሩ ግን በሰላም አልቀጠለም። ኦኔሲሞስ በኦሮምኛ መስበካቸው ቋንቋውን የማይሰሙትን የአካባቢው ካህናት ጥርጣሬ ላይ ጣለ፤ ተከሰው በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። እንዲባረሩ ቢወሰንባቸውም አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ ተመልሰው እንዲኖሩ፣ ሆኖም እንዳይሰብኩ አዘዙ። የመስበክ ፈቃድ ያገኙት ከአሥር ዓመት በኋላ በልጅ ኢያሱ ጊዜ ነው። በ1931 ነቀምቴ ውስጥ ዐረፉ። አስቴር ከእሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሩ። የጣሊያንን ወረራ አዩ፤ በልጅነታቸው ከጀልባ ያወረዳቸው መንግሥት በእርጅናቸው አገራቸውን ሲይዝ ማየት ነበረባቸው። ከነፃነት በኋላም የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ሆነና በኦሮምኛ ማስተማርና ማሳተም ተዘጋ። የሕይወታቸው ሥራ የነበረው ቋንቋ ከመማሪያ ክፍል ሲወጣም በሕይወት ነበሩ። በ1964 ዐረፉ።

ኦሮምኛ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰው በ1991 ከመጣው ለውጥ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የተመረጠው ጽሕፈት ቁቤ፣ ማለትም የላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ ዛሬ ነቀምቴ ውስጥ በኦሮምኛ ማንበብ የጀመረች ልጅ የ1894ቱን መጽሐፍ ብትሰጧት ቋንቋው የእሷው ነው፤ ተረቶቹንም ከአያቷ ሰምታቸው ይሆናል። ፊደሉን ግን ገና መማር አለባት።