የክላራ ባርተን የሕይወት ታሪክ

መሬት ተንቀጥቅጦ ቤት ሲፈርስ፣ ወንዝ ሞልቶ መንደር ሲወስድ፣ ወሬው በአንድ ቀን ለዓለም ሁሉ ይዳረሳል። ሰሚው ያዝናል፤ አቅም ያለውም እጁን ይዘረጋል። አንድና ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ግን ወሬው ይቀዘቅዛል። አጥንቱ የተሰበረው ሰው ገና አልዳነም፤ ቤቱ የፈረሰበትም ገና ከድንኳን አልወጣም። እናንተ ተማሪዎች፣ የዚህን ምንባብ ባለታሪክ ሕይወት ስታነቡ ይህን ነገር ልብ በሉ። ክላራ ባርተን ስምዋ በዓለም የታወቀው ለተጎዱ ሰዎች ፈጥና በመድረስዋ ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ወደየቤቱ ሲመለስ እርስዋ በመቆየትዋም ጭምር ነው።

ክላራ በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኦክስፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ዲሴምበር 25 ቀን 1821 ተወለደች። (በዚህ ምንባብ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ለወላጆችዋ አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ስትሆን፣ በሰው ፊት ቀርባ ለመናገር እንኳ የምታፍር ዓይነ አፋር ነበረች። ዕድሜዋ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆን ዴቪድ የተባለው ታላቅ ወንድምዋ ከጎተራ ጣራ ላይ ወድቆ ክፉኛ ታመመ። ክላራም ከአልጋው ሳትለይ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ እየሰጠች፣ በዚያ ዘመን ሐኪሞች ያዝዙት የነበረውን አልቅት ሳይቀር በገዛ እጅዋ እየለጠፈች፣ ሁለት ዓመት ያህል አስታመመችው። ወንድምዋ ዳነ። እርስዋም ሕመምተኛን ለማዳን ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ረጅም ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ ገና በልጅነትዋ ተማረች።

በዐሥራ ሰባት ዓመትዋ መምህርት ሆነች። በ1852 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በቦርደንታውን ከተማ፣ ልጆች ያለ ክፍያ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈተች። በስድስት ልጆች የተጀመረው ትምህርት ቤት ብዙ ሳይቆይ የተማሪዎቹ ቁጥር ወደ 600 ደረሰ። ነገር ግን አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ባለቀ ጊዜ፣ የከተማው ሹማምንት ደመወዙ ከእርስዋ የሚበልጥ ወንድ ርእሰ መምህር ሾሙባት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ትልቅ ኀላፊነት ለሴት መስጠት አልተለመደምና። ክላራ በዚህ አዝና ሥራዋን ለቀቀችና ወደ ዋሽንግተን ሄዳ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነች።

በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ክላራ የቆሰሉ ወታደሮች ፋሻና ምግብ አጥተው ሲሠቃዩ ባየች ጊዜ፣ ማንም ሳያዝዛት ከየቤቱ ልብስ፣ ስንቅና መድኃኒት ትሰበስብ ጀመር። ብዙ ደጅ ከጠናች በኋላም በ1862 እስከ ጦር ግንባር ድረስ እንድትሄድ ተፈቀደላት። በአንቲተም ጦር ሜዳ ለአንድ ቁስለኛ ውሃ ስታጠጣ ጥይት የልብስዋን እጅጌ በስቶ አልፎ፣ የደገፈችውን ቁስለኛ በክንድዋ ላይ ገደለው። እርስዋ ግን ወደ ሚቀጥለው ቁስለኛ አለፈች። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ሥራዋ አላበቃም። ልጆቻቸውና ባሎቻቸው የት እንደ ደረሱ ላላወቁ ቤተሰቦች መልስ ለመስጠት ቢሮ አቋቁማ፣ ከ63,000 በላይ ደብዳቤዎች ተቀበለች፤ የ22,000 ያህል ወታደሮችም ዕጣ እንዲታወቅ አደረገች።

በድካም ጤናዋ ስለ ተጓደለ በ1869 ወደ አውሮፓ ተጓዘች። በጄኔቫ ከተማ ሳለች፣ በጦርነት ለቆሰሉ ሰዎች የሚራዳው የቀይ መስቀል ማኅበር ከተመሠረተ ስድስት ዓመት እንዳለፈው፣ የገዛ አገርዋ ግን የጄኔቫን ስምምነት እንዳልፈረመች ተረዳች። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ ከቀይ መስቀል ሠራተኞች ጋር ተሰልፋ ሠራች። ጦርነት ባፈራረሳት በስትራስቡርግ ከተማም፣ ችግረኞች ሴቶች ልብስ እየሰፉ ደመወዝ የሚያገኙበትን ሥራ አዘጋጀች። ምጽዋት ብቻ የሚቀበል ሰው ነገ ተመልሶ እንደሚቸገር፣ የሥራ መሣሪያ ያገኘ ግን ራሱን እንደሚችል የተገነዘበችው እዚያ ነው።

ወደ አገርዋ ተመልሳ ስለ ቀይ መስቀል መናገር በጀመረች ጊዜ ያጋጠማት መልስ ቀዝቃዛ ነበር። አሜሪካ ከእንግዲህ ስለማትዋጋ እንዲህ ያለ ማኅበር አያስፈልጋትም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ክላራ በዚህ አልተሸነፈችም። ሰው የሚቆስለው በጥይት ብቻ አይደለም፤ ጎርፍ፣ እሳት፣ ረኃብ፣ ወረርሽኝና የመሬት መንቀጥቀጥም ያቆስላሉ፤ ስለዚህ ማኅበሩ በሰላም ጊዜም ሊሠራ ይገባዋል ስትል ተከራከረች። በ1881 የአሜሪካን ቀይ መስቀል መሠረተች፤ አገርዋም በሚቀጥለው ዓመት ስምምነቱን ተቀበለች። በ1884 በጄኔቫ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የእርስዋን ሐሳብ አጸደቀው። ዛሬ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰበት ቦታ የቀይ መስቀል ምልክት የለበሱ ሐኪሞችን የምናየው ከዚህ ውሳኔ የተነሣ ነው።

ይህ ሐሳብ በተግባር የተፈተነው በጆንስታውን ነው። ሜይ 31 ቀን 1889 ከዚህች የፔንሲልቫኒያ ከተማ በላይ የነበረ ግድብ በከባድ ዝናብ ተደረመሰና፣ የለቀቀው ውሃ ከተማይቱን ጠራርጎ 2,209 ሰዎች ገደለ። በአምስተኛው ቀን የስድሳ ሰባት ዓመትዋ ክላራ፣ ኀምሳ ያህል በጎ ፈቃደኞች ሐኪሞችና ነርሶች አስከትላ ደረሰች። በዚያ የነበረው የጦር አዛዥ ይህችን አሮጊት ምን ላድርጋት ብሎ ግራ ተጋባ። እርስዋ ግን አልጠበቀችውም። ሐኪሞቹ በድንኳን ውስጥ ሆስፒታል አቁመው የተጎዱትን ማከም ጀመሩ። እርስዋ አንዱን የዕቃ ሣጥን እንደ ጠረጴዛ ይዛ የመጣውን ርዳታ እየመዘገበች ታከፋፍል ነበር። ቆየት ብላም ቤት ላጡት ሰዎች በእንጨት የተሠሩ ትላልቅ ማደሪያዎች አስገነባች፤ የቤት ዕቃም አደለች። ጋዜጠኞችና ተመልካቾች ወደየመጡበት ሲመለሱ፣ ክላራ አምስት ወር ሙሉ በዚያው ቆየች።

በ1893 ዐውሎ ነፋስ በሳውዝ ካሮላይና ደሴቶች ላይ 30,000 ያህል ሰዎችን ያለ መጠለያ አስቀረ። አብዛኞቹ ከባርነት የወጡ ጥቁር ሕዝቦችና ልጆቻቸው ነበሩ። ክላራ ዐሥር ወር ከእነርሱ ጋር ተቀመጠች። ምግብ እየታደለ፣ ሕመምተኛ እየታከመ፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ቦይ ቆፍረው ማሳቸውን አጠነፈፉ፤ ዘር ተቀብለውም ዘሩ። ምርቱ ሲደርስ ርዳታው ቆመ። በ1896 ደግሞ የሰባ አራት ዓመት አሮጊት ሆና ወደ ቱርክ አገር ተሻግራ፣ ከዕልቂት ለተረፉ አርመኖች የርዳታ ጓዶችን አሰማራች፤ ሐኪሞችዋም በተስቦና በፈንጣጣ የተያዙትን አከሙ። በ1900 ጋልቬስተን የተባለችውን የቴክሳስ ከተማ ማዕበል ሲመታት፣ ሰብላቸው ለጠፋባቸው ገበሬዎች ካደለችው ነገር አንዱ አንድ ሚሊዮን ተኩል የእንጆሪ ችግኝ ነበር።

ክላራ እንከን የሌላት ሰው አልነበረችም። ሥራን ከሌሎች ጋር መከፋፈል ይከብዳት ነበር፤ የማኅበሩም ሒሳብ በሥርዓት አልተያዘም እየተባለ ተወቅሳለች። ወቀሳው እየበረታ ስለሄደ በ1904 ከፕሬዚዳንትነትዋ ተነሣች። ሆኖም የተከለችው ዛፍ ከእርስዋ በኋላም አፈራ። በ1906 የመሬት መንቀጥቀጥና ያስከተለው ቃጠሎ ሳን ፍራንሲስኮን ሲያወድምና ከ200,000 በላይ ሰዎችን ያለ ቤት ሲያስቀር፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ወደ ከተማይቱ ደረሰ። የርዳታው ሥራም ሕዝቡን በድንኳን ትቶ አልሄደም፤ ክረምት ሲቀርብ ከ5,000 በላይ ትናንሽ የእንጨት ቤቶች ተሠሩ። ክላራ ይህን ለማየት በቅታ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1912 በዘጠና ዓመትዋ ዐረፈች።

በአገራችንም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥና በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ሲለቁ፣ የማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች ከተፈናቀሉት ጎን ነበሩ። ከመካከላቸው በዕድሜ ከእናንተ እምብዛም የማይርቁ ወጣቶች ይገኛሉ። ተማሪዎች ሆይ፣ ምናልባት አንድ ቀን እናንተም እንዲህ ወዳለ ቦታ ትጠሩ ይሆናል። ያን ጊዜ መሄዳችሁ መልካም ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ምን ያህል ለመቆየት እንደ ተዘጋጃችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ጎረቤት ሲታመም በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ በአርባኛው ቀን ውሃ የሚያቀብለው ግን ጥቂት ነው። ክላራ ባርተን ከእነዚያ ጥቂቶች አንዷ ነበረች።

መልመጃ

1. ክላራ ወንድምዋን ማስታመምዋ ለኋለኛው ሥራዋ ምን አስተማራት?
2. ቀይ መስቀል በሰላም ጊዜም ያስፈልጋል ያለችበት ምክንያት ምን ነበር?
3. በስትራስቡርግና በሳውዝ ካሮላይና ደሴቶች የሠራችውን ሥራ የሚያመሳስለው ምንድን ነው?
4. በአካባቢያችሁ አደጋ ደርሶበት የነበረን ቤተሰብ ወይም መንደር አስታውሱ። ርዳታው ስንት ጊዜ እንደ ቆየና ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ በሦስት አንቀጽ ጻፉ።