ቶማስ ፊትዝሲሞንስ፦ ከንግድ ቤት ወደ ሕግ አውጪ ምክር ቤት

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የጳጳሳትን፣ የካህናትንና የደናግልን ሕይወት ነው። ዳሩ ግን በገበያ፣ በወደብና በሸንጎ የዋሉ ምእመናንም ሊነገር የሚገባው ታሪክ አላቸው። በዚህ ዕትም የምናቀርበው በአሜሪካ የፔንሲልቫንያ ግዛት ነጋዴ የነበሩትን፣ ኋላም የግዛቲቱ ሕግ አውጪ የሆኑትን የቶማስ ፊትዝሲሞንስን ሕይወት ነው። የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ከፈረሙት 39 ሰዎች መካከል ካቶሊካውያን ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አንደኛው እኚህ ሰው ነበሩ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊትዝሲሞንስ በ1741 በአየርላንድ ተወለዱ። በዚያ ዘመን የአየርላንድ ካቶሊካውያን የምክር ቤት ወንበር ተከልክለው፣ መሬት የመግዛት መብታቸውም በሕግ ታግዶ ይኖሩ ነበር። እርሳቸውም በ1760 ገደማ ባሕር ተሻግረው ፊላዴልፊያ ከተማ ገቡ። ፔንሲልቫንያ ዊልያም ፔን የተባለው የኩዌከር እምነት ተከታይ የመሠረታት ግዛት ስለነበረች፣ ካቶሊካውያን ቅዳሴያቸውን በግልጽ ያሳርጉ ዘንድ ትፈቅድ ነበር፤ የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያንም ከ1733 ጀምሮ በከተማይቱ ነበረ። ይሁን እንጂ ለመንግሥት ሹመት የሚታጭ ሰው ስለ ቅዱስ ቁርባን የምናምነውን የሚክድ መሐላ እንዲፈጽም ሕጉ ያስገድድ ነበር። ስለዚህ የጸሎቱ በር ለካቶሊካዊ ክፍት ሲሆን የሸንጎው በር ግን ዝግ ነበር።

የንግዱ በር ግን አልተዘጋም። ፊትዝሲሞንስ በ1761 የታዋቂ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን ካትሪን ሚድን አገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሚስታቸው ወንድም ከጆርጅ ሚድ ጋር በሽርክና የንግድ ቤት አቋቋሙ። ቤቱ ከካሪቢያን ደሴቶች ጋር በሚደረገው ንግድ የታወቀ ሆነ፤ በከተማይቱም ካሉት ቀዳሚ የንግድ ቤቶች አንዱ ለመሆን በቃ። የደሴቶቹ ሀብት በዋናነት በባሪያዎች ጉልበት የሚመረት ስኳር እንደነበረ ግን ማስታወስ ይገባናል። በዚያ ባሕር የሚነግድ ሰው ከዚህ ኃጢአት ጥላ ውጭ ሆኖ ሊነግድ አይችልም ነበር።

የነጻነቱ ጦርነት በ1775 በተነሣ ጊዜ ፊትዝሲሞንስ ከአመፁ ወገን ቆሙ። የሚሊሺያ ጓድ አዛዥ ሆነው አገለገሉ፤ በከተማይቱ የጸጥታ ምክር ቤትና በባሕር ኃይል ቦርድም ተቀመጡ። የንግድ ቤታቸው ለሠራዊቱ ስንቅና ቁሳቁስ ያቀርብ ነበር፤ በጦርነቱ ማብቂያ ገደማም 5,000 ፓውንድ ለሠራዊቱ ሰጠ። በ1781 የሰሜን አሜሪካ ባንክ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ።

የ1776ቱ የፔንሲልቫንያ ሕገ መንግሥት የቀድሞውን መሐላ በማስቀረቱ ለካቶሊካውያን የሹመት መንገድ ተከፈተ። ፊትዝሲሞንስም በ1782 ለአህጉራዊው ኮንግረስ፣ በ1783 የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት አፈጻጸም ለሚመረምረው ጉባኤ፣ ከ1786 ጀምሮ ደግሞ ለግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ተመረጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእምነቱ ምክንያት ደጅ የቀረው ነጋዴ አሁን ከሕግ አውጪዎቹ ጋር ተቀመጠ።

በ1787 የበጋ ወራት በፊላዴልፊያ የተሰበሰበውን የሕገ መንግሥት ጉባኤ ያለማቋረጥ ተከታተሉ፤ ንግግር ግን አላበዙም። የመምረጥ መብት ለባለ መሬቶች ብቻ ይሁን የሚለው ሐሳብ በነሐሴ ወር ሲቀርብ ደግፈው ቆሙ፤ ጉባኤው ግን ሐሳቡን አልተቀበለውም። መብት ተነፍጎ የኖረ ሕዝብ ልጅ ለሌላው መብት ለማጥበብ መቆሙ ያሳዝናል። በሌላ በኩል እርሳቸው የፈረሙት ሕገ መንግሥት ለማንኛውም የፌዴራል ሹመት የሃይማኖት ፈተና እንዳይጠየቅ ደነገገ።

በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ሰነዱ ወደ ግዛቲቱ ምክር ቤት ቀረበ። ተቃዋሚዎቹ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ብለው ከአዳራሹ ቀሩ። የሚያስፈልጉት 46 አባላት ሲሆኑ የተገኙት 44 ብቻ ነበሩ። የሰነዱ ደጋፊዎች የሆኑ የከተማው ሰዎች ከቀሩት መካከል ሁለቱን ከማደሪያቸው በግድ ጎትተው አመጡና ውሳኔው አለፈ። ፊትዝሲሞንስ የዚህ የአሸናፊው ወገን አባል ነበሩ። መልካም የሚመስል ዓላማ በጉልበት ሲፈጸም፣ ድሉ ነቀፋ ይዞ እንደሚመጣ ይህ ታሪክ ያሳየናል።

ከ1789 እስከ 1795 በአዲሲቱ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ። የመንግሥትን ገቢና ወጪ እንዲያጠና በሐምሌ 1789 የተቋቋመውን የመጀመሪያውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መርተዋል። የአገሬውን ሥራ የሚጠብቅ ቀረጥ እንዲጣልና የመንግሥት ዕዳ እንዲከፈልም ተከራከሩ። በየካቲት 1790 ደግሞ ኩዌከሮች የባሪያ ንግድን በመቃወም የጻፉትን አቤቱታ ለምክር ቤቱ ያቀረቡት እርሳቸው ነበሩ። ምክር ቤቱ ግን ሕገ መንግሥቱ ስለሚከለክለው እስከ 1808 ድረስ ንግዱን ሊያግድ እንደማይችል ወሰነ። በዚያው ዓመት ካቶሊካውያን ለፕሬዚዳንት ዋሽንግተን የደስታ መልእክት ሲልኩ፣ ከአቡነ ጆን ካሮል ጋር ከፈረሙት ምእመናን አንዱ ፊትዝሲሞንስ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠባቸው። በ1791 በመጠጥ ላይ የተጣለውን ቀረጥ ደግፈው ነበር፤ ቀረጡ በ1794 በምዕራብ ፔንሲልቫንያ ገበሬዎች ዘንድ አመፅ አስነሣ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫም ጆን ስዋንዊክ በተባለ ሌላ ነጋዴ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ንግዳቸው ተመለሱ፤ የኢንሹራንስ ኩባንያ ዳይሬክተርና የፊላዴልፊያ ንግድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ።

የባሰው መከራ ገና ከፊታቸው ነበር። በዚያ ዘመን ታላላቅ ነጋዴዎች ዋጋው ሲንር ለማትረፍ በብድር ሰፊ መሬት ይገዙ ነበር። የፊትዝሲሞንስ ወዳጅና የአገሪቱ ባለጸጋ ሮበርት ሞሪስ በዚህ መንገድ ተሰናክሎ በ1798 በዕዳ ታሰረ። ፊትዝሲሞንስም በ1805 ከሰሩ። ከጊዜ በኋላ ሀብታቸው በከፊል ቢመለስም ስማቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም። በፓውንድና በዶላር ሲሰላ የኖረ ሕይወት በአንድ ወቅት ባዶ እጁን ቀረ።

ታዲያ ምን ቀራቸው? ለጋስነታቸው ቀረ። ሀብታቸው ቢጎድልም እጃቸው አልታጠፈም። በፊላዴልፊያ የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ከዋነኞቹ ረዳቶች አንዱ ነበሩ፤ የሕዝብ ትምህርት እንዲስፋፋ ደከሙ፤ የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ባለአደራም ሆነው አገለገሉ። በነሐሴ 1811 በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ፤ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም ተቀበሩ።

እኛ ይህን ሕይወት ያቀረብነው ሰውየውን እንደ ቅዱስ ለማወደስ አይደለም። ከካሪቢያን ባሕር ንግድ ያተረፉት ሰው የባሪያ ንግድን የሚነቅፈውን አቤቱታ አቅርበዋል፤ የእምነት ነጻነትን የተጎናጸፉት ሰው ለድሃው የምርጫ ድምፅ ለመንፈግ ቆመዋል። ብርሃንና ጥላ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይኖራሉ። ነገር ግን እምነታቸውን ክደው ሹመት አልፈለጉም፤ ሹመት ባገኙም ጊዜ እምነታቸውን አልደበቁም፤ ሀብታቸው ሲናድም ከቤተ ክርስቲያናቸውና ከጎረቤታቸው አልራቁም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ወጣቶቻችን በንግድና በመንግሥት ሥራ ሲሰማሩ ይህን ታሪክ ንገሯቸው። ነጋዴው ትርፉ ከማን ላብ እንደመጣ ይጠይቅ፤ ባለሥልጣኑም ራሱ ያገኘውን መብት ለሌላው አይንፈግ። ሚዛኑም ድምፁም የተሰጠን በአደራ ነውና፣ ሁላችንም አንድ ቀን መልስ እንሰጥበታለን።