ቻርልስ ፖንዚ፤ ላም አለኝ በሰማይ

አታላዮችን ጀግና አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ማየት ደስ ይላል። በ1973 (ዓመታቱን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የወጣው «ዘ ስቲንግ» ሰባት የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በዚያ ፊልም የሚታለለው ሰው ጨካኝ የወንበዴዎች አለቃ ስለ ሆነ፥ ተመልካቹ ለአታላዮቹ ወግኖ እየሳቀ ይወጣል። በእውነተኛው ዓለም ግን የሚታለለው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነን ዘንድ የቻርልስ ፖንዚን ሕይወት ባጭሩ እናቀርባለን።

ፖንዚ በ1882 በኢጣልያ አገር ሉጎ በምትባል ከተማ ተወለደ። ሮም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ከትምህርቱ ይልቅ ጨዋታው ስለ በለጠበት ሳይመረቅ ቀረ። በ1903 በመርከብ ቦስተን ሲደርስ በኪሱ የነበረው ሁለት ዶላር ተኩል ብቻ ነበር፤ የቀረውን በመንገድ ቁማር በልቶበታል። ሳሕን አጣቢም አሳላፊም ሆኖ ከሠራ በኋላ ወደ ካናዳ ተሻግሮ በአንድ የስደተኞች ባንክ ተቀጠረ። ያ ባንክ የፊተኞቹን ወለድ የሚከፍለው ከኋለኞቹ ገንዘብ ስለ ነበረ ወደቀ፤ ፖንዚም ሐሰተኛ ቼክ ጽፎ ታሰረ። ወደ አሜሪካ ሲመለስም ኢጣልያውያንን በስውር አስገብተሃል ተብሎ እንደ ገና ታሰረ። ይኸው ሰው ግን በአላባማ ሳለ በእሳት ለተቃጠለች አንዲት አስታማሚ ከገዛ ገላው ቆዳ ቆርጠው እንዲሰጧት ፈቅዷል። ክፋትና ቸርነት በአንድ ሰው ልብ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።

በ1919 ከስፔን በመጣለት ደብዳቤ ውስጥ አንድ ዓለም አቀፍ የፖስታ መልስ ኩፖን አገኘ። ኩፖኑ በአንድ አገር ተገዝቶ በሌላ አገር በቴምብር የሚለወጥ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የኢጣልያ ገንዘብ ስለ ረከሰ፥ እዚያ በርካሽ ገዝቶ አሜሪካ ቢለውጡት ትርፍ ያለው ይመስላል። ፖንዚ በ1920 መጀመሪያ ቦስተን ላይ ቢሮ ከፍቶ፥ ገንዘቡን ለሚሰጠው ሁሉ በ45 ቀን ከመቶ 50 ትርፍ እንደሚከፍል ቃል ገባ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በእርግጥም ተከፈላቸው፤ ወሬው ከቤት ወደ ቤት ሄደ። ስደተኛው ሠራተኛ፥ መበለቲቱ፥ ፖሊሱ ሳይቀር ጥሪቱን ይዞ ተሰለፈ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ገባለት።

ነገር ግን የኩፖን ንግድ የሚባለው ከወሬ ያለፈ አልነበረም፤ የትናንቱን ሰው የሚከፍለው በዛሬው ሰው ገንዘብ ነበር። ክላረንስ ባሮን የተባለ የገንዘብ ነክ ጋዜጣ ባለቤት ቀላል ስሌት ሠራ፤ ፖንዚ እውነት የሚናገር ቢሆን ኖሮ 160 ሚሊዮን ኩፖን ያስፈልገው ነበር፤ በዓለም የሚዘዋወረው ግን 27 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ሕዝቡ ደንግጦ ቢሮውን ሲከብ፥ ፖንዚ ቡናና ጣፋጭ ዳቦ እያደለ ስለ ከፈላቸው ብዙዎቹ መልሰው አመኑት። በመጨረሻ «ቦስተን ፖስት» ጋዜጣ የካናዳ እስራቱን ገልጦ ጻፈ። ነሐሴ ላይ ፖንዚ ተያዘ፤ ጋዜጣውም በ1921 የፑሊትዘር ሽልማት ተቀበለ። ባንኮች ወደቁ፤ ገንዘባቸውን የሰጡትም ከብዙ ዓመት በኋላ ከአንድ ዶላር 37 ሳንቲም ያህል ብቻ አገኙ።

ፖንዚ ታስሮ ሲፈታ በፍሎሪዳ በመሬት ሽያጭ ደግሞ አታለለ። በ1934 ወደ ኢጣልያ ተባረረ፤ በ1949 በሪዮ ዴ ጃኔሮ በድኾች ሆስፒታል ሞተ። ስሙ ግን አልሞተም፤ በ2008 ኒው ዮርክ ላይ በርናርድ ማዶፍ ሲያዝ የወንጀሉ መጠሪያ የፖንዚ ስም ነበር።

እንግዲህ ቦስተን የጎደላት ሊቅ አልነበረም፤ የባሮንን ስሌት ማባዛትና ማካፈል የሚያውቅ ሁሉ ሊሠራው ይችል ነበር። የተማርን ነን የምንል እኛም ጎረቤታችን ጥሪቱን ይዞ ሊሰለፍ ሲነሣ፥ ከሰልፉ ከመግባታችን በፊት እርሳስ አንሥተን ልናሰላለት ይገባል።