መስፍነ ሐረር ልዑል መኰንን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ የሚወርደውን ጐዳና የማያውቅ መንገደኛ ጥቂት ነው። ዛሬ ባለ ስድስት መስመር ፈጣን መንገድ ስለ ተዘረጋለት ተጓዡ ብዙ ሳይደክም ከስምጥ ሸለቆው ከተማ ይደርሳል። ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ግን፤ መንገዱም ጠባብ፥ አዳማም ናዝሬት ተብላ በምትጠራበት ዘመን፤ ወደዚያችው ከተማ ይጓዙ የነበሩ አንድ የ32 ዓመት ሰው በመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። እኒህም ሰው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ሁለተኛ ወንድ ልጅ፥ መስፍነ ሐረር ልዑል መኰንን ነበሩ።

የኚህን ልዑል ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው ስለ አሟሟታቸው ብቻ አይደለም። በስማቸው ላይ የተቀጸለው የመስፍንነት ማዕረግ ከወዴት እንደ መጣና መጨረሻው ምን እንደ ሆነ መመልከቱ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ነው።

ልዑል መኰንን የተወለዱት ጥቅምት 6 ቀን 1917 ዓ.ም. ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ይባሉ ነበር፤ የአውሮፓን ነገሥታት ጐብኝተው ወደ አገራቸው ከተመለሱም ገና ጥቂት ሳምንታት መሆኑ ነበር። ሕፃኑ የአያታቸው የራስ መኰንን ስም ወጣላቸው። ራስ መኰንን ሐረርን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ የገዙ፥ በዐድዋ የዘመቱ፥ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል በዳግማዊ ምኒልክ ስም ወደ ለንደን የተላኩ ሰው መሆናቸው ይታወቃል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አባታቸው ዘውድ ሲጭኑ ልዑል መኰንን የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የሐረር መስፍንነት ማዕረግ የተሰጣቸውም በዚሁ የዘውድ በዓል ነው። የእንግሊዝን ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን ወክለው ለበዓሉ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሦስተኛው ወንድ ልጃቸው ልዑል ሄንሪ ሲሆኑ፤ እሳቸውም የግሎስተር ዱክ ይባሉ ነበር። በእንግሊዝ ልማድ አልጋ ወራሹ ዘውዱን ሲጠብቅ ታናናሾቹ በአንድ አውራጃ ወይም ከተማ ስም ዱክ ይባላሉ፤ ማዕረጉም አገር የሚያስገዛ ሳይሆን የክብር ስም ነው። ከአባት ወደ በኩር ልጅም ይወርዳል።

በእኛ አገር ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ራስነትም ሆነ ደጃዝማችነት ሰው በሹመት የሚያገኘው እንጂ እንደ ርስት ከአባቱ የሚወርሰው አልነበረም። የራስ ልጅ ራስ ለመባል ራሱ መሾም ነበረበት። መስፍን የሚለው ቃል ከመጽሐፈ መሳፍንት ጀምሮ የታወቀ ጥንታዊ ቃል ሲሆን፤ ለንጉሥ ልጅ የአንድ አገር ስም ተጨምሮበት በዚህ ዐይነት መሰጠቱ ግን አዲስ ነገር ነበር። ስለዚህ የልዑል መኰንን ማዕረግ ልብሱ የአውሮፓ፥ ስሙ የግእዝ፥ መሠረቱም የአያታቸው አገር ሐረር ነበረ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ማዕረጉ ግን ከስደት አላዳነም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው ባቡር ንጉሠ ነገሥቱንና ቤተ ሰባቸውን ይዞ በአዳማና በድሬዳዋ አልፎ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ፤ የዐሥራ አንድ ዓመቱ መስፍን አብረው ነበሩ። ስማቸውን የተሸከመችው ሐረር በዚያው ሳምንት በጠላት እጅ ገባች። ልጁም በእንግሊዝ አገር መስፍነ ሐረር እየተባሉ ማዕረጋቸውን ያለ አገር ተሸክመው ቈዩ።

በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. አባታቸው ከእንግሊዝ አገር በአየር ወደ ግብጽና ወደ ሱዳን ሲሻገሩ አስከትለዋቸው ሄዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀልም ከአባታቸውና ከታላቅ ወንድማቸው ከአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ጋር ተገኝተዋል። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ዐሥራ ስድስት ዓመት ነበር።

ከነጻነት በኋላ ልዕልት ሣራ ግዛውን አግብተው አምስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከልጆቻቸው ሁሉ አብልጠው ይወዷቸው እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል፤ ዘውዱም ወደ እርሳቸው ያልፍ ይሆናል እየተባለ ይወራ ነበር። ይህ ሁሉ በዚያች የግንቦት ቀን በናዝሬት መንገድ ተቈረጠ። በ1934 ዓ.ም. ልዕልት ፀሐይን የቀበሩት ወላጆች አሁን ደግሞ መኰንንን ለመቅበር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቆሙ።

ማዕረጉ እንደ አውሮፓ ሥርዐት ወደ በኩር ልጃቸው ወደ ልዑል ወሰን ሰገድ ተላለፈ። ሆኖም በመጋቢት ወር 1967 ዓ.ም. ደርግ ዘውዱን በሻረ ጊዜ የመሳፍንቱ ማዕረግ ሁሉ አብሮ ቀረ። ልዕልት ሣራም ከሌሎቹ የንጉሣውያን ቤተ ሰብ ሴቶች ጋር እስከ 1980 ዓ.ም. በእስር ቤት ቈዩ፤ በ2011 ዓ.ም.ም ዐረፉ። ለልዑሉ መታሰቢያ በአዲስ አበባ የተሠራው ታላቅ ሆስፒታል ስሙ ተለውጦ ጥቁር አንበሳ ተባለ። ናዝሬትም ቢሆን ወደ ጥንት ስሟ ወደ አዳማ ተመልሳለች። በትእዛዝ የተሰጠ ስም በትእዛዝ ይነሣል፤ አልጋው ተመልሶ የማያስነቃው ሰውዬውን ብቻ ነው።

ራስ መኰንንም ያረፉት በመንገድ ላይ መሆኑን እዚህ ላይ ልናስታውስ እንወዳለን። በ1898 ዓ.ም. ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ታመው በቁልቢ ዐረፉ፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ሞቱ። አያቱ በቁልቢ የመሠረቱት የቅዱስ ገብርኤል ደብር ዛሬም በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ብዙ ሺሕ ምእመናንን ይሰበስባል። ከአዲስ አበባ የሚነሡት ተሳላሚዎች በቢሾፍቱ፥ በሞጆና በአዳማ በኩል ሲያልፉ፤ ሳያውቁት ከልጅ ልጁ ወደ አያቱ ይጓዛሉ። በሚቀጥለው ታኅሣሥ በዚያ የሚያልፍ አንባቢያችን በመንገዱ ላይ ለቀሩት ለሁለቱም መኰንኖች ነፍስ ይማር ቢል ደግ አደረገ እንላለን።